ለቡሬ ሜዳ የተሠራ ቡድን

በኮምፒውተር የቤዝቦል ሊግ የተጫወተ ሰው ሁሉ አንድ ምክር ይሰጥሃል፤ ቡድንህን ለሜዳህ እንዲስማማ አድርገህ ሥራ። አጥሩ ቅርብ ከሆነ ኃይለኛ መቺ ሰብስብ፣ ሜዳው ሰፊ ከሆነ ሯጭ ሰብስብ፣ ነፋሱን እወቅ፣ ከፍታውን እወቅ፣ ከዚያ ታሸንፋለህ። ምክሩ ስህተት ነው። ለአንድ ሜዳ ብቻ የተሠራ ቡድን ከዚያ ሜዳ መውጣት ያቅተዋል፤ ከጨዋታው ደግሞ እኩሌታው የሚካሄደው በሰው ሜዳ ነው። ይህን ለዓመታት ስናገር ሰሚ አላገኘሁም። ከማይሰሙኝ ሁሉ ዋናው ልየው ነው። ልየው አሁን ቡሬ ነው፤ ስልኩ አይሠራም፤ እኔም ፈርቻለሁ። ስለ ጨዋታ ብዙ የማወራ ከመሰለህ ታገሠኝ፤ ስለዚያ ሰው ለመናገር ሌላ መንገድ አላውቅም።

እኔ ያለሁባት ፍኖተ ሰላም ሰሞኑን ታስነጥሳለች። የበርበሬ ወቅት ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ስለሚዘጋ ጆንያው አይጫንም። በየመጋዘኑ፣ በየበረንዳው፣ አንዳንድ ቤት ሳሎን ውስጥ ሳይቀር ተደርድሮ ይጠብቃል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። በዚህ ጊዜ ድንገተኛ ድምፅ ስለማይወደድ፣ ሰው አፉን በጋቢው ጫፍ አፍኖ ያስነጥስና ግራ ቀኙን ያያል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሳሙና ልገዛ ወጥቼ ወደ አሮጌው መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ታጠፍኩ፤ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ ቆመ። የቆምኩት የድሮው ኢንተርኔት ቤት በር ላይ ነበር። አሁን የሞባይል መጠገኛ ነው፤ ትናንት እሱም ዝግ ነበር።

ያኔ ጎረቤቱ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን ነበር። በመካከላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ዱቄቱ እንደ ልቡ ይገባል፤ የኮምፒውተሩ የፊደል ቁልፎች ሁሉ ቀላ ያሉ ነበሩ። አዲስ ደንበኛ ሳያውቅ ዓይኑን ያሻል፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት እያለቀሰ ይቀመጣል። ባለቤቱ «ምነው፣ ከውጭ መርዶ ጻፉልህ እንዴ» እያለ ያሾፍበታል። ሂሳቡ በደቂቃ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ገጹ እስኪከፈት የምትጠብቀውም ይቆጠራል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ጠቅላላ ዕውቀቱ ገጽ ሲጠብቅ በቆየበት ደቂቃ የሚለካ ወጣት ሞልቶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው የካሴት ሱቅ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ የሠርግ ዘፈን ሲያዞር ይውላል፤ ክሩ ከመላላቱ የተነሳ ዘፋኙ ከሰዓት በኋላ ላይ የሰከረ ይመስላል። ወጣቱ ከታች ሰፊ የሆነ ጂንስ ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይንጎራደዳል። የጎማ ቦቲ አድርጎ የሚመጣው ልየው ብቻ ነበር።

ልየው የእንስሳት ሐኪም ነው። ተወልዶ ያደገው ቡሬ ነው፤ ተምሮ የተመለሰውም ቡሬ። በየሳምንቱ በረዶ የታጨቀበት ሣጥን ይዞ፣ ለሚኒባስ ስምንት ብር ከፍሎ፣ ክትባት ሊወስድ ወደ ዞኑ ቢሮ ይመጣል። የመልሱ መኪና እስኪሞላ ሣጥኑን ኢንተርኔት ቤት ጠረጴዛ ሥር ያስቀምጥና አጠገቤ ይቀመጣል። የመድኃኒትና የበረት ሽታው ከበርበሬው ጋር ሲቀላቀል አጠገቡ መቀመጥ ደንበኝነት ሳይሆን ገድል ነበር። እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ አዲስ መምህር ነኝ፤ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ፣ ያነበብኩትን ሁሉ የምቃወም።

«መምህር፣ ና እስቲ» አለኝ አንድ ቀን። «ይቺ ገጽ አልዘጋ አለችኝ።»

የቤዝቦል ሊግ ነበር፤ በዓለም ላይ የሌለ ሊግ። ተጫዋቾቹ ስምና ቁጥር ብቻ ናቸው። ትመርጣቸዋለህ፣ ሜዳ ትሠራላቸዋለህ፣ ማሽኑ ያጫውታቸዋል፤ በማግስቱ ውጤቱን ታነባለህ። ሁለታችንም ቤዝቦል አይተን አናውቅም። ከሕጉ የገባን ይህን ያህል ነው፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የተመታው ኳስ አጥሩን ከዘለለ መቺው ዙሪያውን ዞሮ ነጥብ ያገኛል። ልየው «የገና ጨዋታ ነው፤ ብቻ የሚሰደብ ጌታ የለም» ብሎ ደመደመ። ገጹ አልዘጋ ስላለ ተመዘገብን።

ሜዳ ስንሠራ ማሽኑ ጠየቀን፤ የአጥሩን ርቀት፣ ነፋሱን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ። ሌላው ተጫዋች ሁሉ እዚህ ላይ የሚያዋጣውን ቁጥር ነው የሚያስገባው። እኛ የምር የተጠየቅን መሰለን። እንደ ቀበሌ መታወቂያ እውነቱን ሞላን። እሱ ቡሬን፣ እኔ ፍኖተ ሰላምን፤ ሁለቱም ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ። የአሜሪካኖቹ ትልልቅ ሜዳዎች በሙሉ ከእኛ በታች መሆናቸውን ያወቅነው ኋላ ነው። ከዚያ፣ የሌላ አገር ሰው የማይሠራውን ስህተት ሠራን። ከፍታ ሲባል በዚህ አገር ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፤ ሯጭ። እኛም ሯጭ ሰበሰብን። መምታት የማይችሉ፣ ቢመቱም ኳሷ እግራቸው ሥር የምትወድቅ፣ ግን እግራቸው የማይያዝ ቀጫጭን ስሞች።

«እንግዳው ቡድን ጨዋታው ሳይጋመስ ትንፋሽ ያጥረዋል» አለ ልየው። «ያኔ እንሮጥበታለን።»

«ማሽኑ ትንፋሽ ያውቃል?»

«ካላወቀ ከፍታ ምን ያደርግለታል?»

ማሽኑ ትንፋሽ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው አየር ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ የተመታ ኳስ ይበራል። እንግዶቹ ሲመቱ ኳሱ አጥሩን ዘሎ ይሄዳል፤ የእኛ ሯጮች ተርታቸውን ቆመው ከራሳቸው በላይ የሚያልፈውን ያያሉ። ውጤቱ የቤዝቦል ሳይሆን የቅርጫት ኳስ ይመስል ነበር። የሊጉ ኃላፊ፣ ባሕር ማዶ ያለ ጡረተኛ፣ ከፍታችሁ ስህተት ሳይሆን አይቀርም፣ አስተካክሉ ብሎ ጻፈልን። ተርጉሜ ነገርኩት።

ልየው ቦቲውን እየተመለከተ አሰበና «መሬቱን እዚህ ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ዝቅ ላደርገው አልችልም በለው» አለኝ። እንዳለ ጻፍኩለት። ሰውየው ከዚያ ወዲያ የሰማይ ቤት ጌቶች ይለን ጀመር።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከውጭ መኪና ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። እጄን ከወረቀቱ ላይ አንስቼ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ጫማዬን አደረግሁ። ብዙ ቆየ። ኋላ ሄደ። የማን እንደሆነ ነገ እንኳ አልጠይቅም፤ ጎረቤቴም አይጠይቀኝም። አሁን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንኖረው፤ ሞተሩ እስኪጠፋ ወይም እስኪርቅ ጆሯችንን አቁመን። ልቀጥል።

በሁለተኛው ዓመት ልየው ነቃ። የነቃው ግን በእኔ መጻሕፍት አይደለም፤ በሥራው ነው። በሬ ሊገዛ የሚያማክረው ገበሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ በሬው ሳይሆን ስለ መሬቱ ነው። ተዳፋት ነው? ዋልካ ነው? ድንጋይ አለበት? የቆላ በሬ ወደ ደጋው ቋሪት ወጥቶ ገበዝ ማርያም ገበያ ላይ ሲቆም ከሩቅ እንደሚለየው ይነግረኝ ነበር፤ ፀሐይ እያለ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ቡድኑንም እንደዚያው ሠራው። ሯጮቹን አሰናበተ። ኳስ ከፍ እንዲል የማያደርጉ፣ መሬት ለመሬት የሚያስመቱ ወርዋሪዎችን ሰበሰበ። ከእነሱ ጋር፣ መራመድ እንኳ የሚከብዳቸው ግን ዱላ ሲያነሱ አጥር የማይበቃቸው መቺዎችን አሰለፈ። ቡሬ ላይ የሚችለው ጠፋ። ወደ ባሕር ዳርቻ ሜዳዎች ሲወርድ ግን አየሩ ወፍራም ነው፤ የእነዚያ ወፋፍራም መቺዎች ኳስ አጥሩ ሥር ደርሳ ትወድቃለች፤ እነሱም ሮጠው አይደርሱባትም። በሜዳው ያሸነፈውን ሁሉ መንገድ ላይ ይበትነዋል።

እኔ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሆን ብዬ የየትም ያልሆነ ቡድን ሠራሁ። ጥቂት ሯጭ፣ ጥቂት መቺ፣ የትም ቢሄድ የማያፍር። ልየው ይህን እንደ ክህደት ነበር የሚያየው።

«ያንተ ቡድን አገር የለውም» ይለኛል። «መንገደኛ ነው።»

«መንገደኛ ይደርሳል።»

«አዎ፤ ሦስተኛ ሆኖ።»

እሱ ሁለተኛ ነበር የሚወጣው፤ ይህን ስነግረው የበረዶ ሣጥኑን አንስቶ ወደ ሚኒባሱ ይሄዳል። ኢንተርኔት ቤቱ ሲዘጋ ሊጉ በስልካችን ገባ። እኛም ጸጉራችን እየሳሳ፣ ቀበቷችን እየሰፋ፣ ክርክሩ እዚያው ቆመ። ያኔ የሳቅኩበት ነገር አሁን ነው የገባኝ፤ ልየው ራሱንም ልክ እንደ ቡድኑ ሠርቷል። ባሕር ዳር ሥራ ቀረበለት፤ እምቢ አለ። አዲስ አበባ የመድኃኒት አስመጪ ጋር ተጠራ፤ አልሄደም። በቡሬ ዙሪያ የትኛዋ ላም የማን እንደሆነች፣ የትኛው ወንዝ በስንት ዝናብ እንደሚሞላ፣ የትኛው ሽማግሌ በሬው ሲሞት እንደሚያለቅስና የትኛው እንደሚሳደብ ያውቃል። ገጠር ሲገባ ውሻ አይጮህበትም። ከዚያ ሜዳ ውጭ ግን ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ሜዳው ተለወጠና ያ ሁሉ ዕውቀት ዒላማ አደረገው። ዛሬ ገጠር ውሎ ከተማ የሚገባ፣ ከተማ አድሮ ገጠር የሚወጣ ሰው በሁሉም ዓይን ተጠርጣሪ ነው፤ የልየው ኑሮ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም።

ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ባሕር ዳር እህቷ ጋ ሄዳለች። እሱ እከተላችኋለሁ ብሎ ቀረ። ኔትዎርኩ ሙሉ በሙሉ ከመጥፋቱ በፊት ደወለልኝ። ድምፁ ደህና ነበር፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ትናንት የት ነበርክ ይሉኛል» አለኝ። «ላም ሳዋልድ እላለሁ። የማን ላም ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። በማግስቱ ገጠር ስወጣ ሌሎቹ ያገኙኛል። ከተማ ማንን አየህ ይሉኛል።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«ማንን አያለሁ? የማየው የከብት አፍ ነው።»

«ይሥቃሉ?»

«መጀመሪያ ሰሞን ይሥቁ ነበር።»



«ልየው፣ ባሕር ዳር ሂድ» አልኩት። «ልጆቹ እዚያ ናቸው።»

«ሄጄ ምን ልሁን? በሰው ሳሎን ተቀምጬ የሀብታም ውሻ ልከትብ?»

«ከትብ። ምን አለበት?»

«አንተ መቼም የትም ትሆናለህ» አለኝ፤ ስድቡ ገብቶኛል። ቀጠለና «ለመሆኑ ሊጉ እንዴት ሆነ?» አለ።

ኢንተርኔት ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ሊጉን ማየት አልቻልንም። ባለቤቱ የጠፋበትን ቡድን ማሽኑ ራሱ ያጫውተዋል። ይህን ነገርኩት፤ የሆነ ቦታ ቡድኖቻችን ያለ እኛ በየቀኑ እየተጫወቱ ነው፣ የእኛን መጥፋት ማንም አልነገራቸውም አልኩት።

«ይሄን ወር ጨዋታው በቡሬ ሜዳ ነው» አለ ደስ ብሎት። «ስለዚህ እያሸነፍኩ ነው።»

መልስ ሳልሰጠው መስመሩ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የለም።

ትናንት እዚያ ዝግ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ እጄን የያዘኝ ሰው ነበር፤ ደንግጬ ዞርኩ። እትዬ ባንቻየሁ ናቸው፤ የልየው ታላቅ እህት፤ እዚሁ ፍኖተ ሰላም በርበሬ ይነግዳሉ።

«ስልኩ ሠራልህ?» አሉኝ፤ ሰላምታ ሳይሰጡኝ።

«አልሠራልኝም እትዬ። ለእርስዎስ?»

«ለኔማ ያቺው ሴትዮ ናት የምትመልስልኝ። ደንበኛው ትለኛለች። ወንድሜ ነው እንጂ የምን ደንበኛ ነው እላታለሁ። አትሰማም።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ በርበሬው ይሁን ሌላ አልጠየቅኋቸውም። «አሁን ከቡሬ መኪና ገብቷል ብለውኛል። አንተ ና፤ እኔ ብቻዬን ብጠይቀው እውነቱን አይነግረኝም።»

ሹፌሩ አንማው ይባላል፤ እህል የሚጭን መኪና ይዞ ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ ሲመላለስ አይተነዋል። ከመንገዱ ዳር ካለ ሻይ ቤት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጦ አገኘነው። ልብሱን ካወለቀ ቀን ያለፈው ይመስላል። እትዬን ሲያይ ተነሣላቸው።

«እናቴ ይቀመጡ። አይቼዋለሁ።»

«የት?»

«መድኃኒት ሱቁ ውስጥ ነበር። ክፍት ነው። ደህና ነው ሰውነቱ።» ሻዩን ወደ እሳቸው ገፋላቸው። «ጋቢና ልለቅልህ፣ ውጣ አልኩት። ሐሙስ የምትወልድ ላም አለች፣ ጥጃው በሆዷ ውስጥ ተጋድሞባታል፣ እሷን ሳላዋልድ አልሄድም አለኝ። ከሐሙስ በኋላ ና አለኝ፤ እንደ ታክሲ።»

«እንዲህ ነው እሱ» አሉ እትዬ፤ ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ፊታቸው ወዲያው ተመለሰ። «ሌላስ?»

አንማው እኔን አየኝ። እኔ ወደ ሻዩ አየሁ።

«ስነሣ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይጠይቁት ነበር» አለ።

«እነማን?» አልኩት።

«ስም አልጠየቅሁም መምህር። የምጠይቅ ሰው ብሆን እዚህ አልደርስም ነበር።»

«በምን አነጋገር ነው የሚጠይቁት?»

«በቀስታ።»

ከዚህ ሌላ ቃል ቢለኝ ይሻል ነበር። ቢጮኹበት፣ ቢሰድቡት፣ አንድ ነገር ነው። የሚጮህ ሰው ራሱ የፈራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በቀስታ የሚጠይቅ ሰው ግን ጊዜ አለው። እትዬ ባንቻየሁ ሻዩን አልነኩም። ጣታቸውን በጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሱ የሆነ ነገር ያሰላሉ።

«አንማው ልጄ፣ አንተ ከቡሬ የወጣኸው መቼ ነው?»

ሹፌሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ «ማንኩሳ ላይ አላሳለፉንም፤ እዚያው ቆመን ከረምን» አለ።

«እንግዲያ ያቺ ላም ወልዳለች» አሉ እትዬ። «ሐሙስ አልፏል።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አስነጠሰ፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞርን።

ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ያሰብኩት በየመድረኩ ስለ ሥር፣ ስለ አፈር፣ ስለ ትውልድ መንደር የሚደሰኩሩትን ሰዎች ነው። ሲያዳምጧቸው ያምራሉ። አንድም ቀን ግን፣ ሥር ያለው ነገር እሳት ሲመጣ መሮጥ እንደማይችል ሲናገሩ አልሰማሁም። ልየው ሞኝ አይደለም። አገሩን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል፤ ያገለገለውም ከእኔ ይበልጥ ነው። የሚያጠፋው ደግሞ ይኸው እንዳይሆን ነው የምፈራው፤ የሚያውቁኝ ሰዎች እስካሉ ድረስ ማንም አይነካኝም ይላል፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን እንደ እኔ ጫማቸውን አድርገው ከመጋረጃ ጀርባ ቆመዋል። ትከሻዬን ተደግፎ እንደገና «ሦስተኛ» ቢለኝ ምን ነበረበት እያልኩ ዋልኩ። የእኔ ቡድን ትክክል የእሱ ስህተት መሆኑን ማረጋገጥ አልፈልግም። እንዲህ ባለ መንገድ ትክክል መሆን አልፈልግም።

ፍኖተ ሰላም ይምጣ አላልኩም፤ እዚህም ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም። ባሕር ዳር ልጆቹ ጋ ይሂድ ነው የምለው። እዚያ ምንም ባይሆን፣ ምንም የማይሆን ሰው ሆኖ ይኑር።

እንግዲህ አንተ ይህን የምታነበው፣ መንገዱ ሲከፈት በቡሬ በኩል የምታልፍ ከሆነ፣ ከከብት ተራው ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው የእንስሳት መድኃኒት ሱቅ አለ። ውረድና አንኳኳ። ካለ፣ አትከራከረው፤ በክርክር አትችለውም። ሌላ ላም አለችኝ ቢልህም አትስማው፤ ክንዱን ይዘህ መኪናህ ላይ አውጣው፣ ባሕር ዳርም ሳትደርስ አታውርደው። ከሌለ ግን ለእትዬ ባንቻየሁ እንዳትነግር። መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ።